መታጠፊያው ላይ የተተከለው አካፋ

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 7 ቀን 2019፣ ሐሙስ። የመጠይቁ አስራ አንደኛ ጥያቄ እንዲህ ይላል፦ «ከዚህ ጨዋታ በኋላ ስለ መኖሪያ ቦታዎ ያለዎት ሐሳብ ተለውጧል? ከተለወጠ፣ ለምን?» ከሥሩ ስድስት መስመር ባዶ ቦታ ተትቷል። ፎልከርት ኡበን ከስድስቱ አንዱን እንኳ አልሞላም። «አካፋውን የተከልኩት» ብሎ ጀምሮ አቁሟል። «አካፋውን» የሚለው በሰማያዊ ቀለም ነው፤ «የተከልኩት» የሚለው በጥቁር። በተለያየ ቀን የተጻፉ ናቸው ማለት ነው። ሦስተኛው ቃል አልመጣም። ወረቀቱ ከወጥ ቤቱ ሰዓት ኋላ ተሰክቶ፣ ሰውየው እስከሞተበት ቀን ድረስ፣ አንድ መቶ ስምንት ቀን ቆየ።

ፎልከርት የተወለደው በ1948 በባሕር ዳሯ መንደር በሃርምስዚል፣ የባሕሩ ግድብ ወደ ደቡብ በሚታጠፍበት ቦታ ባለው ቤት ነው። የሞተውም እዚያው። ወታደር የነበረበትን ጊዜ ሳንቆጥር፣ በሰባ ሁለት ዓመት ውስጥ ከዚያ ቤት ውጭ ያደረበት ሌሊት አርባ አይሞላም። በ1962 ባሕሩ በተነሳ ጊዜ የአስራ አራት ዓመት ልጅ ነበር፤ አባቱ ግድቡ ላይ ቆሞ አሸዋ የሞላ ከረጢት ሲደረድር እሱ ከሥር ያቀብል ነበር። ሌላ ቦታ ተደረመሰ፤ መታጠፊያው ግን ቆመ። ይህን ታሪክ በዕድሜው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው ያወራው፤ አንዴ ለሚስቱ ለአንትየ፣ አንዴ ደግሞ፣ ማንም በማያውቀው ምክንያት፣ ለጥርስ ሐኪም። ላም አለበ፣ አንዲት ልጅ አሳደገ፣ በ2016 ሚስቱን ቀበረ። ላሞቹን ከሸጠ በኋላም አራት ጊደር አስቀርቷል፤ «ማለዳ የሚቀሰቅሰኝ እንዳላጣ» ይል ነበር።

የግድቡን አፈር መንግሥት በማሽን መጠገን ከጀመረ ሃምሳ ዓመት አልፎታል። ሃርምስዚል ግን አንድ ነገር አልተወችም። እያንዳንዱ ቤት በግድቡ ላይ ቁጥር ያለው ድንጋይ የተተከለበት ድርሻ አለው። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በመከርና በጸደይ፣ ግድቡ ሲጎበኝ ከየቤቱ አንድ ሰው አካፋውን ይዞ ድርሻው ላይ ይቆማል። መርማሪው እየዞረ «ማን አለ?» ይላል፤ የቆመው ሰው «አለሁ» ይላል። በቃ፣ ይኸው ነው። የአካፋው እጀታም የሚቆረጠው በሚቆመው ሰው አገጭ ልክ ነው፤ መርማሪው ከሩቅ አካፋውን አይቶ የማን ቤት እንደሆነ ያውቃል ይባላል።

ከዚህ የባሰ የቆየ ሕግም ነበር። ድርሻውን መጠበቅ ያቃተው ሰው አካፋውን ግድቡ ላይ ተክሎ፣ ቤተሰቡን ይዞ ይሄዳል። አካፋውን የነቀለ ሰው መሬቱንም፣ ቤቱንም፣ ሸክሙንም ይወርሳል። የሚነቅለው ከጠፋ ደግሞ የዚያ ቤት ስም ከዚያ ወዲያ አይጠራም። ሕጉ ከተሻረ ብዙ ዘመን ሆኖታል። መሻሩን ግን ለሃርምስዚል ሰው የነገረው ያለ አይመስልም።

ስቬንያ የምትባለው ተመራማሪ ከዩኒቨርሲቲ ስትመጣ ይህን ሁሉ አንብባለች። የምታጠናው ስለ አየር ንብረት ለውጥ ሰው እንዴት እንደሚነጋገር ነበር። ንግግር ሲደረግለት አንገቱን የሚደፋ ሰው፣ ጠረጴዛ ከበብ አድርጎ ጨዋታ ሲጫወት አፉን ይፈታል፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ በቡድን ቢወያይ የልቡን ይናገራል የሚል እምነት ነበራት። በአምስት ከተማ ሞክራው ተሳክቶላታል። ለሃርምስዚል የተለየ ነገር አዘጋጀች፦ አውራ ጣት የሚያህሉ አስራ ሁለት የእንጨት አካፋዎች፣ ካርታው ላይ በተበሳ ቀዳዳ የሚሰኩ። መሬት ለባሕር ሲለቀቅ አካፋ ይተከላል። ሰዉ ደስ ይለዋል ብላ ነበር።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ አስራ አንድ ሰው በመንደሩ አዳራሽ ተሰበሰበ። ሻይ ተቀዳ። መቅረጫው በርቷል።

«እንግዲህ» አለች ስቬንያ፣ «ዛሬ ትክክል ወይም ስህተት የሚባል መልስ የለም። አሸናፊም ተሸናፊም የለም። ጨዋታ ነው።»

«አሸናፊ የሌለው ጨዋታማ እኔም ቤት አለ» አለ ኦኮ ብሩንስ፣ የፎልከርት ጎረቤት። «ትዳር ይባላል።»

«አሸናፊማ አለ፤ አንተ አይደለህም እንጂ» አለች ሚስቱ ሂልከ ከወዲያ ማዶ።

ኦኮ አጭር፣ ወፍራም፣ አፉ የማያርፍ ሰው ነበር። ፎልከርት በቁመት በአንድ ራስ ይበልጠዋል፤ በንግግር ኦኮ በአስር ራስ። ስድሳ ዓመት ጎን ለጎን ኖረዋል። ዕጣ ሲወጣ በጨዋታው ውሳኔ የሚሰጠው የግድብ ዳኛነት ለፎልከርት ደረሰ።

«በሉ ተገላገልን» አለ ኦኮ። «ባሕሩ ይሄን ግንድ ሲያይ ራሱ ይመለሳል።»

አንዱ ዙር አስር ዓመት ነው። በየዙሩ የማዕበል ካርድ ይወጣል፤ ተጫዋቾቹ የታደላቸውን ጭቃ አዋጥተው ግድቡን ከፍ ያደርጋሉ። ሦስት ዙር በሳቅ አለፈ። በአራተኛው ዙር፣ ካርታው 2060 ሲደርስ፣ ጭቃው አለቀ። ካርዱ እንዲህ አለ፦ ከሦስቱ እርሻዎች አንዱ ለባሕር ይለቀቅ፣ ግድቡም ከሱ ወዲህ ይሰራ። ውሳኔው የዳኛው ነው።

ካርታው የሃርምስዚል አይደለም። ስቬንያ ይህን ሦስት ጊዜ ተናግራለች፤ በድምፅ ቅጂው ላይ በግልጽ ይሰማል። ነገር ግን ከሦስቱ እርሻዎች አንዱ የውሃ መልቀቂያው በር አጠገብ ነው፣ አንዱ መንገዱ ዳር፣ አንዱ መታጠፊያው ላይ። አስራ አንዱም ሰው ገና ካርታው ሲዘረጋ አይቶታል። በሩ አጠገብ ያለው የመበለቷ የታልከ ነው። መንገዱ ዳር ያለው የኦኮ። መታጠፊያው የፎልከርት። ይህን ለስቬንያ የነገራት ሰው የለም፤ እንግዳን ማሳፈር ይሆናል።

ቅጂው ላይ ከዚያ በኋላ ስድስት ደቂቃ ከአስር ሰከንድ ዝምታ አለ። ሻይ ሲፈስበት የሚሰነጠቅ የስኳር ድንጋይ ይሰማል። አንድ ሰው ይስላል። ከዚያ ትንሽ እንጨት ቀዳዳ ውስጥ ስትገባ ትሰማለች፤ ጠቅ።

ፎልከርት አካፋውን የተከለው መታጠፊያው ላይ ነው።

«አቶ ኡበን፣ ይሄንኛውን ለምን መረጡት?»

«ዳኛው እኔ አይደለሁ?»

«ነዎት፤ ግን ከሦስቱ ለምን ይሄን?»

«ሻይ አለ?» አለ ፎልከርት።

ምን ይበል? የግድብ ዳኛ በሰው መሬት ላይ አካፋ አይተክልም። የቀረው አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ የራሱ። ጉዳዩ ይኸው ነው፤ ለመሄድ አስቦ አያውቅም። ነገር ግን ይህን ጮክ ብሎ ቢናገር፣ ታልከንና ኦኮን «ለእናንተ ስል ነው» ማለት ይሆንበታል። ስድሳ ዓመት ጎረቤት ሆኖ የኖረን ሰው በአንድ አረፍተ ነገር ባለዕዳ ማድረግ ደግሞ ነውር ነው።

አካፋዋ ሁሉም ፊት ቆማለች። ያኔ ነው ኦኮ እጁን የዘረጋው።

«እንዲህ በነፃ የሚታደል መሬት ካለማ!» አለና ነቅሎ በሸሚዝ ኪሱ ከተታት።

ሁሉም ሳቀ። ፎልከርትም ሳቀ፤ እንዲያውም ቅጂው ላይ መጨረሻ ላይ ብቻውን የሚሰማው ሳቅ የሱ ነው። በጨዋታው ደንብ አካፋ መንቀል የሚባል ነገር አልነበረም። ስቬንያ በማስታወሻዋ ላይ «ተሳታፊዎች የራሳቸውን ደንብ ጨመሩ፣ በጣም ጥሩ» ብላ ጽፋለች። አስራ ሁለት አካፋ ይዛ መጥታ አስራ አንድ ይዛ ተመለሰች።

ሰዉ ሲበተን መጠይቅ ታደለ። ፎልከርት መነጽሬን ረስቻለሁ ብሎ ወረቀቱን ቤቱ ወሰደው። መነጽሩ ኪሱ ውስጥ ነበር።

የመከሩ ጉብኝት የዋለው ከዘጠኝ ቀን በኋላ፣ ቅዳሜ፣ ካፊያ ባለበት ጠዋት ነበር። ፎልከርት ቦቲውን ተጫምቶ፣ በአገጩ ልክ የተቆረጠውን አካፋ በትከሻው አድርጎ፣ እንደ ሁልጊዜው ወደ መታጠፊያው ወጣ። ድንጋዩ አጠገብ ኦኮ አካፋውን ይዞ ቆሟል። መንገዱ ዳር ባለው በኦኮ ድርሻ ላይ ሂልከ ቆማለች።

«ሞይን» አለ ኦኮ፣ በአገሩ ሰላምታ።

«ሞይን» አለ ፎልከርት።

ሁለት እርምጃ ተራርቀው ቆሙ። በጎቹ ያጋጡትን ሣር፣ ፍልፈል የቆፈረውን ጉብታ፣ ግራጫውን ባሕር ሲያዩ ቆዩ። ፎልከርት «ውረድልኝ» ቢል፣ አስራ አንድ ሰው ፊት የተከለውን መልሶ መንቀሉ ነው። ኦኮ «ና ተረከበኝ» ቢል፣ አስራ አንድ ሰው ፊት የተሸከመውን መጣሉ ነው። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፤ የሁለቱ ውሃ ደግሞ የፈሰሰው በጨዋታ ነበር። ራሱ በገመደው ገመድ የታሰረ ሰው ማንን «ፍታኝ» ይላል?

መርማሪው እርሳሱን በጆሮው ሰክቶ ደረሰ። አንዱን ረጅም፣ አንዱን አጭር አየና ግራ ገባው።

«ማን አለ?»

ፎልከርት አፉን ከፍቶ ነበር፤ ቃሉ ጥርሱ ጋ ደርሶ ነበር።

«ማን አለ ነው የምለው!»

«አለሁ» አለ ኦኮ። እየተናገረ አካፋውን ወደ ሣሩ ሲጫነው እጀታው ከመሃል ተሰነጠቀ። ማንም አልሳቀም። መርማሪው ወረቀቱ ላይ ምልክት አድርጎ አለፈ። ፎልከርት አፈር ያልነካ አካፋውን ይዞ ወረደ። በዕድሜው እንዲህ ያለ አካፋ ወደ ቤቱ ሲያስገባ የመጀመሪያው ነበር።

ወሬ እግር የለውም፣ ግን ኦልደንቡርግ ከተማ በዚያው ሳምንት ደረሰ። ልጁ ጌሼ እዚያ በቤተ መዛግብት ትሠራለች። ስልክ ደወለች።

«አባዬ፣ ታልከ የነገረችኝ እውነት ነው? አካፋ ተከልክ?»

«ጨዋታ ነው።»

«አንተ ደግሞ መቼ ጨዋታ ተጫውተህ ታውቃለህ? ካርታ ስትሸነፍ እንኳ ሦስት ቀን የምታኮርፍ ሰው!»

«የእንጨት አካፋ ናት፤ ይህችን የምታህል።» በስልክ አውራ ጣቱን አሳያት።

«እኔ እኮ ‹እመጣለሁ› እስክትል ብቻ ነው የምጠብቀው። እማዬ ካረፈች ጀምሮ እዚያ ብቻህን... እኔ ጋ አንድ ክፍል ባዶ ነው። ቀለም አስቀባዋለሁ። ምን ዓይነት ይሁን?»

ጌሼ ዝምታውን እሺታ አድርጋ ወሰደችው፤ ይህ የሷ ስህተት ነው፣ መመዝገብም አለበት። ክፍሉን ነጭ ቀለም አስቀባች። በዲሴምበር ወስዳ አሳየችው። መስኮቱ ወደ መኪና ማቆሚያ ያያል። ፎልከርት አልጋው ጫፍ ላይ ኮፍያውን ሳያወልቅ ተቀመጠ።

«እንዴት ነው?»

«ደረቅ ነው» አለ። «ውሃ አይገባውም።»

ጌሼ ምስጋና መሰላት።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ሁሉ በደግነት ይጠብበት ጀመር። ኦኮ ሳይጠራ መጥቶ የጎርፍ ቦዩን ጠረገለት። ታልከ «እዚያ ስትሄድ የሚሞቅህ» ብላ ካልሲ ሠራችለት። የዳቦ ቤቷ ሴትዮ «ኦልደንቡርግም ጥሩ ዳቦ አለ» አለችው። አንድም ክፉ የተናገረው የለም። ክፉ ቢናገሩትማ መልስ በሰጠ። እሱ በሆዱ የሚያመነዥገው ሌላ ነበር፦ ኦኮ መሬቴን ፈልጎ ኖሯል፣ ስድሳ ዓመት ሙሉ በአጥሩ ላይ ሲያየው ኖሯል። ሻይ ማፍላቱን ተወ ማለት ይቻላል። አንድ ማለዳ ሰማያዊውን ብዕር አንስቶ «አካፋውን» ብሎ ጻፈ።

ጃንዋሪ 16 ቀን ስቬንያ ለቡድን ውይይቱ ተመለሰች። ያው አዳራሽ፣ እነዚያው ሰዎች። ከሞከረችባቸው ስድስት ቦታዎች እንደ ሃርምስዚል ጨዋታው በሰው ኑሮ ውስጥ የገባበት ቦታ አላገኘችም ነበርና ዓይኗ ይበራል።

«አቶ ብሩንስ፣ ባለፈው አካፋውን ነቀሉት። ምን አስበው ነው?»

«እጄን በላኝ።»

«እውነቱን?»

«እውነቱን ነው፤ ሂልከን ጠይቂያት፣ አርባ ዓመት ሲበላኝ ታውቃለች።»

ሳቁ እስኪበርድ ታልከ ማንኪያዋን ስታማስል ቆየች። ሰማንያ አንድ ዓመቷ ነው፤ ከተናገረች ለምክንያት ነው።

«ልጄ» አለች ስቬንያን፣ «ያቺ አካፋ የሚነቅላት አጥታ ብትቀር ኖሮ፣ የሰውየው ስም...» ማንኪያዋን ሲኒው ውስጥ አቆመችው። በዚያ አገር ማንኪያ ሲኒ ውስጥ ሲቆም ከዚያ ወዲያ አይቀዳም። ታልከም ሌላ አልጨመረችም።

ቅጂው ላይ እዚህ ቦታ አርባ ሰከንድ ባዶ አለ። ለፎልከርት ነገሩ የገባው በዚህ አርባ ሰከንድ ውስጥ ነው። ኦኮ መሬት አልወሰደም። ሁሉም ፊት ተተክላ ማንም ሳይነካት ብትቀር፣ የኡበን ቤት ስም እንደ ሞተ ይቆጠር ነበር። አጭሩ ሰው እየቀለደ ከዚያ አዳነው። እሱም ለእነሱ ብሎ ተከለ፤ ኦኮም ለእሱ ብሎ ነቀለ። አሁን ሁለቱም፣ አንዱ የሌላውን ደግነት ሳይሰብር፣ ንቅንቅ ማለት አይችሉም።

«አቶ ኡበን፣ እርስዎስ? የሚጨምሩት አለ?»

ኦኮ ጠረጴዛውን ያያል። ጆሮው ቀልቷል።

«የለም» አለ ፎልከርት። ድምፁ ከወትሮው ዝቅ ያለ ነው። ያን ቀን ማታ ያገኘው ብዕር ጥቁር ነበር።

ፌብሩዋሪ 19፣ ረቡዕ ጠዋት፣ ጊደሮቹን ሲያጠጣ ኦኮ በአጥሩ ላይ ተንጠለጠለ።

«አንተ ግንድ፣ ከተማ ትወጣለህ እንዴ?»

«ዓርብ።»

«የአካፋ እጀታ አምጣልኝ። ያ የተሰነጠቀው በሽቦ ታስሮ የሽማግሌ እግር መስሏል።»

«ቁመቱ?»

ኦኮ አፍንጫውን ጠረገ፤ ወደ ባሕሩ አየ፤ ወደ ጊደሮቹ አየ። «ባገጭህ ለክተህ አስቆርጠው።»

«በኔ?»

«በኔማ ከተለካ ለሻይ ማንኪያ ነው የሚሆነው።»

ፎልከርት ባልዲውን አስቀመጠ።

«የጸደዩ ጉብኝት ኤፕሪል ላይ ነው» አለ ኦኮ፣ ለማንም እንዳልተናገረ ሆኖ። «ሰው ፊት የተነቀለ ነገር ሰው ፊት ነው የሚመለሰው። እኔ ደግሞ ረጅም እጀታ አልችልም፤ ትከሻዬን ያመኛል።» ከአጥሩ ወርዶ ሄደ።

ፎልከርት ያን ቀን ለጌሼ ደውሎ ስለ ክፍሉ ሊነግራት ነበር። ስልኩን አንስቶ መልሶ አስቀመጠው። ኤፕሪል እስኪደርስ ድርሻው የሱ አይደለምና ምን ብሎ ይነግራታል? አካፋው አሁንም የተያዘው በኦኮ ነው። ሁለት ወር መጠበቅ ነበረበት፤ ጠበቀ፤ ሞት እስኪመጣ፣ አራት ቀን።

ዓርብ፣ ፌብሩዋሪ 21፣ በሦስት ሰዓቱ አውቶቡስ ወጣ። የዕቃ መደብሩ ሰው ቀጥ ያለ፣ ቋጠሮ የሌለው እንጨት መርጦ አገጩ ሥር አቆመለት።

«ለራስህ ነው?»

«ለጎረቤቴ።»

«ጎረቤትህ አንተን ያክላል?»

«አያክልም።»

ሻጩ ትከሻውን ነቅንቆ ቆረጠው። ፎልከርት እንጨቱን በጉልበቶቹ መሃል ይዞ ተመለሰ፤ ቤቱም ሳይገባ ወደ ኦኮ ጎተራ ሄደ። ኦኮና ሂልከ አልነበሩም። የተሰነጠቀውን እጀታ ከነሽቦው አወጣ፣ አዲሱን አስገባ፣ በሁለት ምስማር መታው፣ ጫፉን በሞረድ አለሰለሰው። በመስኮቱ ደፍ ላይ አውራ ጣት የምታህለው የእንጨት አካፋ አቧራ ሳይነካት ቆማለች። አያት፤ አልነካትም። ረጅሙን አካፋ አንድ ጊዜ አገጩ ሥር አቁሞ ለካው። ልክ ነበር። ከግድግዳው ጋር አስደግፎ አቆመው፣ ስለቱን ወደ ታች፣ አፈር በማይነካበት በሲሚንቶው ላይ። የጎተራው በር ስለሚጣበቅ በጉልበቱ ገፋ አድርጎ ዘጋው፤ መወርወሪያውንም አስገባ።